በድሬዳዋ ለፍቺና ለቤተሰብ ጉዳይ ጠበቃ ስለመያዝ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከታች ያሉት ጥያቄዎች የጥብቅና ቢሮዬ ውስጥ ብቻ የተጠየቅኋቸው አይደሉም። ባጃጅ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት፣ አንዳንዴም ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ የተጠየቅኋቸው አሉበት። ጠያቂው ብዙ ጊዜ «አንድ ጓደኛዬ ነች» ብሎ ይጀምርና ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ «ባለቤቴ» ይላል። መልሱን በድሬ ልማድ አንተና አንቺ እያልኩ ነው የምጽፈው። ችሎት ስትቀርቡ ግን «ክቡር ፍርድ ቤት» ነው የሚባለው፤ እዚያ ድሬነት አይሠራም።

ለመፋታት የግድ ጠበቃ ያስፈልገኛል?

የግድ አይደለም። ክስሽን ራስሽ አቅርበሽ ራስሽ መከራከር ትችያለሽ። ይህን የሚነግርሽ ጠበቃ ካገኘሽ፣ በዚያው ልትይዥው የሚገባ ሰው ነው።

ፍቺና የፍቺ ውጤት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፍቺው ራሱ፣ ማለትም ጋብቻው ፈርሷል የሚለው ውሳኔ፣ ብዙ ሙግት የለበትም። አንደኛው ወገን «አብሬ አልኖርም» ብሎ ከጸና፣ በግድ አብረህ ኑር የሚል ዳኛ የለም። ዓመት የሚበላው ንብረቱ ነው፤ ቤቱ፣ መኪናው፣ ሱቁ፣ ዕዳው፣ በወንድም ስም የተቀመጠው ነገር። ልጆች ካሉ ደግሞ ማን ጋር ይደጉ፣ ቀለቡ ስንት ይሁን የሚለው አለ። ስለዚህ ራስሽን «መፋታት እፈልጋለሁ ወይ?» ብለሽ ከጠየቅሽ በኋላ «የምንካፈለው ምን አለ?» ብለሽ ጠይቂ። የሁለተኛው መልስ «ምንም» ወይም «ተስማምተናል» ከሆነ ገንዘብሽን ለልጆችሽ አስቀምጪ። «እሱ የለም ይላል፣ እኔ ግን አለ እላለሁ» ከሆነ ግን ያኔ ጠበቃ ያዢ።

ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው ሕግ የትኛው ነው? ሐረር ያለችው እህቴ የነገረችኝ ከዚህ ይለያል።

ልክ ነች፤ ሊለይ ይችላል። ድሬዳዋ እንደ አዲስ አበባ ለፌደራል መንግሥት ተጠሪ ስለሆነች እዚህ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ክሱም የሚቀርበው እዚሁ ከተማ በሚያስችለው የፌደራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ሐረሪ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግና የራሱ ፍርድ ቤቶች አሉት። ኦሮሚያም እንዲሁ፤ ከከተማው ወጣ ብለሽ ወደ ሐረማያ መንገድ ከያዝሽ ሕጉ ተቀየረ ማለት ነው። ሕጎቹ በብዙው ይመሳሰላሉ፤ ግን «አጎቴ ሐረር ላይ እንዲህ ተፈርዶለታል» ብለሽ እዚህ ብትጠብቂ ልትሳሳቺ ትችያለሽ።

ከጠበቃውም ጋር ይያያዛል። የጥብቅና ፈቃድ የፌደራልም የክልልም አለ። ጉዳይሽ ድሬዳዋ ከሆነ የፌደራል ፈቃድ ያለው፣ ሐረር ከሆነ ደግሞ በክልሉ ፍርድ ቤቶች መቆም የሚችል መሆኑን አስቀድመሽ ጠይቂ።

የምይዘው ሰው እውነት ጠበቃ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ፈቃዱን አሳየኝ በይው። ማፈር የለም። ፈቃዱ የታደሰ መሆኑን፣ ስሙ ከመታወቂያው ጋር መግጠሙን እዪ። ሐኪም ቤት ስትገቢ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ሐኪም እንዳልሆነው፣ ፍርድ ቤት በር ላይ ፋይል ያቀፈ ሁሉ ጠበቃ አይደለም።

በር ላይ የምታገኛቸው ሦስት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንዱ ማመልከቻ ጸሐፊ ነው፤ የምትለውን ወደ ወረቀት ይቀይርልሻል፤ አንዳንዶቹ ከጀማሪ ጠበቃ የተሻለ ይጽፋሉ፣ ግን ችሎት አይቆሙልሽም። ሁለተኛው ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ የሚል ነው፤ «ዳኛውን አውቃቸዋለሁ» ካለ ቦርሳሽን ይዘሽ ሂጂ። ሦስተኛው ጠበቃ ነው። ጠበቃም ቢሆን «መቶ በመቶ ትረቺያለሽ» ካለሽ ከሁለተኛው ጋር ደምሪው። የሥነ ምግባር ደንቡ ውጤት ቃል መግባትን አይወድም፤ ልምድ ያለው ሰው ደግሞ ከምንም በላይ የሌላውን ወገን ማስረጃ ሳያይ አፉን አይከፍትም።

የመጀመሪያ ቀን ስመጣ ምን ይዤ ልምጣ?

የጋብቻ ማስረጃ፣ የልጆች የልደት ካርድ፣ መታወቂያ፣ ስለ ንብረት ያለ ማንኛውም ወረቀት፦ ካርታ፣ ሊብሬ፣ የሽያጭ ውል፣ የባንክ ደብተር፣ የብድር ውል፣ የዕቁብ ደብተር ሳይቀር። ዋናውን ቤት አስቀምጪና ኮፒውን አምጪ። ዋናውን ከቤት አውጥተሽ እምነት የምትጥዪበት ሰው ጋር ብታኖሪው ደግሞ ይሻላል። ጠብ ከተነሳ በኋላ መጀመሪያ የሚጠፋው ወረቀት ነው፤ ወርቅ እንኳ ከዚያ በኋላ ነው የሚጠፋው።

አንዲት ሴት ትዝ ትለኛለች። እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ ውስጥ ሱቅ ነበራት። ባሏ በትዳር ውስጥ የገዛው ባጃጅ በወንድሙ ስም ነበር፤ «የወንድሜ ነው፣ እኔ ሾፌር ነኝ» ይላል። ሊብሬውን ስናይ እውነትም የወንድምየው ስም ነው። ምስክር ጠየቅኋት፤ ያመጣቻቸው ጎረቤቶች ሁሉ «እሱ ሲነዳው እናያለን» ከማለት በቀር ሌላ የሚያውቁት የለም። ሦስተኛ ቀን ላይ ተመልሳ መጣች፤ ከሠርግ ፎቶው ጀርባ፣ በመስታወቱና በካርቶኑ መሃል፣ አራት ቦታ የታጠፈ የባንክ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። ቀለሙ ሊጠፋ ተቃርቧል። ከሷ ሒሳብ ወደ ባጃጅ ሻጩ ሒሳብ የተላለፈ ገንዘብ ነው፤ ቀኑ ከሽያጭ ውሉ ቀን ጋር አንድ ነው። «ይህ ይጠቅማል ወይ?» አለችኝ። ጉዳዩን ያዞረው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ሰው ቢሮዬ ሲመጣ «ከፎቶ ጀርባ አይታችኋል?» እላለሁ፤ ይስቃሉ፣ ግን ሄደው ያያሉ።

የጋብቻ ወረቀት የለኝም። ሽማግሌ ልኮ፣ ቤተሰብ ፊት ነው የተጋባነው።

ጋብቻ ነው። ሕጉ በክብር መዝገብ ሹም ፊት የተፈጸመውንም፣ በሃይማኖት የተፈጸመውንም፣ በባህል የተፈጸመውንም ጋብቻ እኩል ያውቃል። ማስረጃው የምዝገባ ወረቀት ነው፤ እሱ ከሌለ ግን እንደ ባልና ሚስት ሲኖሩ ቤተሰቡና ማኅበረሰቡም እንደዚያ ሲቆጥራቸው እንደነበር በአራት ምስክሮች ማስረዳት ይቻላል። ምስክሮቹ ዘመድ ቢሆኑም ግድ የለም። ስለዚህ ሠርግሽ ላይ የነበሩትን አስቢ፤ ሽማግሌ ሆነው የሄዱትን በተለይ።

ሠርግም ሳይኖር ዝም ብላችሁ አብራችሁ ከኖራችሁም መብት አለሽ። ሕጉ «ከጋብቻ ውጪ እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖር» ይለዋል፤ ቢያንስ 3 ዓመት ከዘለቀ በዚያ ጊዜ የፈራው ንብረት የጋራ ይሆናል። ከዚህ የተወለደ ልጅ መብት ደግሞ ከማንም ልጅ አያንስም።

በኒካህ ነው የተጋባነው። ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ነው ወይስ ወደ መደበኛው?

ድሬዳዋ ላይ ይህ ጥያቄ በሳምንት ሁለቴ ይመጣል፤ መልሱ ረዘም ይላል።

የፌደራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተደራጁ ናቸው፤ በኢስላም ሥርዓት የተፈጸመን ጋብቻ፣ ፍቺና ቀለብ ማየት ይችላሉ። ቁልፉ ፈቃድ ነው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 34 ላይ የሚለው ይህንኑ ነው፤ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ መዳኘት በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ብቻ ነው። ሁለታችሁም ከተስማማችሁ እዚያ ይታያል። አንዳችሁ «አልፈልግም» ካላችሁ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል።

እዚህ ጋር ብዙ ሰው ይወድቃል። መጥሪያ ደርሶሽ «እኔ እዚያ መዳኘት አልፈልግም፣ ስለዚህ አልሄድም» ብለሽ ከቀረሽ፣ መቅረትሽ እንደ መስማማት ይቆጠራል፤ ጉዳዩም አንቺ በሌለሽበት ይታያል። የማትፈልጊ ከሆነ ሄደሽ፣ ቆመሽ፣ «አልተስማማሁም» ብለሽ አስመዝግቢ። አንዴ ከመረጥሽ በኋላ ደግሞ መሃል ላይ «ይቅርብኝ፣ ወደ ዚያኛው ልሂድ» አይቻልም። ከመምረጥሽ በፊት ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው አማክሪ፤ በንብረት ክፍፍል ላይ የምታገኚው ውጤት አንድ ላይሆን ይችላልና።

በቁርባን የተጋቡ ሰዎችም ተመሳሳይ ነገር ይጠይቁኛል። የፍርድ ቤት ውሳኔ የሕጉን ጋብቻ ያፈርሳል፤ የቤተ ክርስቲያኑን ጉዳይ ከንስሐ አባትህ ጋር ጨርስ።

ሽማግሌዎች ፊት ፈርመን ተለያይተናል። ይህ ፍቺ አይደለም?

አይደለም። በድሮው፣ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጊዜ፣ ፍቺ የሚሰጡት የቤተሰብ ሽምግልና ዳኞች ነበሩ፤ ሰው አሁንም ያ ነገር አእምሮው ውስጥ አለ። ከ1992 ጀምሮ ፍቺ የሚሰጠው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ሽማግሌ ማስታረቅ ይችላል፤ ማፋታት አይችልም። ያ የፈረማችሁት ወረቀት ግን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ የስምምነት ፍቺ ለማቅረብ ጥሩ መነሻ ነውና አምጡት።

በስምምነት ብንፋታ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ባንስማማስ?

በስምምነት ከሆነ፣ ከተጋባችሁ ቢያንስ 6 ወር ካለፈ፣ የፍቺ ስምምነታችሁን ስለ ልጆችና ስለ ንብረት ከተስማማችሁበት ጋር ለፍርድ ቤቱ ታቀርባላችሁ። ለምን እንደምትፋቱ እንድታስረዱ አትገደዱም። ዳኛው ለየብቻም አንድ ላይም ያነጋግራችኋል፤ ከፈለገ እስከ 3 ወር የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ከዚያ ስምምነቱን ያጸድቃል። ስምምነቱ ልጆቹን የሚጎዳ ከመሰለው ፍቺውን ብቻ አጽድቆ ስለ ልጆቹ ራሱ ይወስናል። «ቀለብ አልፈልግም» ብለሽ ስትፈርሚ ዳኛው ብዕሩን የሚያስቀምጠው ለዚህ ነው፤ ቀለቡ የልጁ እንጂ ያንቺ አይደለም።

ካልተስማማችሁ አንዳችሁ ትከሳላችሁ። ፍርድ ቤቱ ራሱ ለማስታረቅ ይሞክራል፤ እናንተ ወደ መረጣችኋቸው ሽማግሌዎችም ሊመራችሁ ይችላል። ያም ካልሆነ እስከ 3 ወር ይሰጣል። ከዚያ ወዲያ ያለው የፍቺ ውሳኔ ሩቅ አይደለም። የሚርቀው እንዳልኩት የንብረቱ መዝገብ ነው፤ ምስክር፣ የባለሙያ ግምት፣ ቀጠሮ፣ ይግባኝ፣ ከዚያ አፈጻጸም።

የፌደራል ፍርድ ቤቶች ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 30 ይዘጋሉ። አስቸኳይ ጉዳዮችን ተረኛ ችሎት ያያል። ሐምሌ መጨረሻ ላይ መጥተሽ «ቶሎ ይለቅልኝ» ካልሽኝ እኔም እስቃለሁ።

መዝገቡ እስኪያልቅ ልጆቼን ምን ላብላቸው?

ይህን ጥያቄ ያልጠየቀሽን ጠበቃ አትመኚ። የፍቺ ክስ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆቹ መኖሪያና ስለ ንብረቱ አያያዝ ጊዜያዊ ትእዛዝ ወዲያው መስጠት ይችላል። ብዙ ማመልከቻዎች ላይ ግን ይህ ጥያቄ የለም፤ የፍቺና የንብረት ዳኝነት ብቻ ተጠይቆ ጊዜያዊ ቀለቡ ይረሳል። ክስሽን ሲጽፉልሽ የመጨረሻውን ገጽ ራስሽ አንብቢው፤ «የምጠይቀው ዳኝነት» በሚለው ሥር ጊዜያዊ ቀለብ አለ ወይ? ቤቱ ወይም መኪናው እንዳይሸጥ እግድ አለ ወይ?

ያለፈ ቀለብ ደግሞ አይጠራቀምልሽም። በጊዜው ካልተከፈለ በ3 ወር ውስጥ ካልጠየቅሽ፣ ለመኖር የግድ ያስፈልግሽ እንደነበር ካላስረዳሽ በስተቀር ሊቀርብሽ ይችላል። «ይሰጣል፣ ይሰጣል» እያልሽ ዓመት አትጠብቂ።

ባልየው ደመወዝተኛ ከሆነ ከመሥሪያ ቤቱ እንዲቆረጥ ይታዘዛል፤ ቀላል ነው። ነጋዴ ከሆነ ገቢውን ማሳየት ያንቺ ሥራ ነው፤ የኪራይ ውል፣ የግብር ደረሰኝ፣ የሚከፍለው የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ሁሉ ይጠቅማል።

ልጆች ለእናት ነው የሚሰጡት ይባላል። እኔ አባት ነኝ፤ ተስፋ ልቁረጥ?

አትቁረጥ። በድሮው ሕግ ዕድሜያቸው 5 ዓመት ያልሞላ ልጆች ለእናት እንዲሰጡ ተጽፎ ነበር። አሁን ባለው ሕግ እንደዚያ ያለ ደንብ የለም፤ የሚታየው የወላጆቹ ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤና፣ አኗኗርና የልጆቹ ዕድሜና ጥቅም ነው። ሕፃን ልጅ ብዙ ጊዜ ከእናቱ ጋር ይሆናል፤ ግን ደንብ ስለሆነ ሳይሆን ጥቅሙ እንደዚያ ስለሚሆን ነው። ልጅ ያልተሰጠው ወላጅ የመጎብኘት መብቱ ይጠበቅለታል፤ ውሳኔው ላይ ቀንና ሰዓት ይጻፍልህ፤ «በተመቸው ጊዜ» የሚል ውሳኔ ለቀጣይ ጠብ የተዘጋጀ ነው።

ቤቱ በእሱ ስም ነው። አልካፈልም ማለት ነው?

ስም ብቻውን አይወስንም። በትዳር ውስጥ የፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ይገመታል። «የግሌ ነው» የሚለው ወገን ነው የሚያስረዳው። የግል የሚባለው ከጋብቻ በፊት የነበረው፣ በውርስ ወይም በስጦታ የተገኘው ነው። ከግል ንብረት የተገኘ ገቢ፣ ለምሳሌ ከውርስ ቤት የሚሰበሰብ ኪራይ፣ የጋራ ነው፤ ይህን ሰምቶ የማይደነግጥ ባል አላየሁም። ሚስትም።

የጋራ ቤትን አንዱ ብቻውን ሊሸጠው አይችልም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ሳትስማሚ ከተሸጠ ሽያጩ እንዲፈርስ መጠየቅ ትችያለሽ፤ ግን ካወቅሽበት ጊዜ ጀምሮ 6 ወር ብቻ ነው ያለሽ፤ ባታውቂም ከ2 ዓመት በላይ አይሄድም።

የቀበሌ ቤት ግን የመንግሥት ነው፤ ያላችሁ የኪራይ መብት እንጂ ባለቤትነት ስላልሆነ ተሽጦ እኩል የሚካፈል ነገር የለም።

ዕዳም ይካፈላሉ። ለቤት ወጪ፣ ለልጆች፣ ለትዳሩ ጥቅም የተወሰደ ዕዳ የሁለታችሁም ነው። እሱ ለራሱ ጉዳይ የተበደረው ግን በመጀመሪያ ከራሱ ድርሻ ይነሳል። ፍቺ ሲቀርብ በድንገት የሚወለድ የአጎት ብድር አለ፤ ቀኑን፣ ምስክሩንና ገንዘቡ የገባበትን ሒሳብ ጠበቃሽ ይጠይቅ።

ጠበቃ ስንት ያስከፍላል?

ቁጥር አልናገርም፤ ከጉዳይ ጉዳይ ይለያያል። አከፋፈሉን ግን እወቂ። አንዳንዱ በቁርጥ ይይዛል፤ አንዳንዱ ለንብረት ክፍፍል ከሚገኘው ላይ ድርሻ ይጠይቃል፤ ማመልከቻ ጽፎ ብቻ የሚሰጥም አለ። ለስምምነት ፍቺ የምመክረው ማመልከቻና ስምምነት ማስጻፍን ብቻ ነው።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ውስጡ ይህ ይኑር፦ የሚሸፍነው እስከ መጀመሪያ ደረጃ ውሳኔ ነው ወይስ ይግባኝንም? አፈጻጸምን ይጨምራል? ፍርድ አግኝቶ ቤቱ ሐራጅ ወጥቶ ገንዘብሽ እጅሽ እስኪገባ ያለው መንገድ አፈጻጸም ነው፤ ብዙ ሰው «አሸነፍኩ» ብሎ ከጠበቃው ጋር ተሰናብቶ እዚያ ላይ ብቻውን ይቀራል። የዳኝነት ክፍያ፣ የመጥሪያ ማድረሻ፣ የኮፒ ወጪ በማን ነው? የከፈልሽውን ሁሉ ደረሰኝ ተቀበይ።

መክፈል የማልችልስ?

በር አለ። ክፍያውን የማትችዪ ከሆነ በደሀ ደንብ ለመክሰስ ለፍርድ ቤቱ አመልክቺ፤ ከተፈቀደ የዳኝነት ክፍያ ሳትከፍይ መዝገብ ይከፈትልሻል። የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ክፍሎች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበር ሴቶችን በነፃ ያማክራል፤ የድሮው ሕግ ተሻሽሎ የ1992ቱ እንዲወጣ ከገፉት መካከልም ነበር። ጠበቆችም ለአቅመ ቢስ በነፃ የመቆም ግዴታ አለብን፤ እኔን ጨምሮ፤ ጠይቁን።

ጠበቃው ውክልና ስጠኝ አለኝ። ምን ላይ ልጠንቀቅ?

ውክልና የሚሰጠው ሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ነው። ከመፈረምህ በፊት አንብብ፤ ወረፋው ረጅም ነው፣ ሙቀቱም ያስቸኩላል፣ ግን አንብብ። ለጠበቃ የሚሰጥ ውክልና መክሰስን፣ መከራከርን፣ ይግባኝን ይዞ ይበቃዋል። «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ ገንዘብ ለመቀበል» የሚሉ ቃላት ካሉ ይሰረዙ። «ለመታረቅ» የሚለውም ሥልጣን ከባድ ነው፤ ሳታውቅ ያንተን ጉዳይ በስምምነት ሊዘጋ የሚችል ሰው ማለት ነው። ጠበቃህን ከቀየርክ ውክልናውን እዚያው ጽሕፈት ቤት ሻርና ለፍርድ ቤቱም አሳውቅ።

ለባለቤትሽ ቀድሞ የሰጠሽው ጠቅላላ ውክልና ካለ ደግሞ ከጠበቃ በፊት ወደ እሱ ሂጂ፤ ዛሬ።

ባለቤቴ ጅቡቲ ነው። ሳይመጣ ማለቅ ይችላል?

አድራሻው ከታወቀ መጥሪያ ይላካል፤ ካልታወቀ በጋዜጣ ይጠራል፤ ከዚያም ካልቀረበ በሌለበት ይታያል። እሱ ራሱ መተባበር ከፈለገ በጅቡቲ ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ውክልና ሰጥቶ፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ሰነዶች ማረጋገጫ አረጋግጠውት ጠበቃ ሊቆምለት ይችላል። ውክልናው «ፍቺን» በስም መጥቀስ አለበት፤ «ማንኛውንም ጉዳይ» የሚል አይበቃም። ዓረብ አገር ላሉ እህቶችም ይኸው ነው። አንድ ጊዜ በተሳሳተ ቃል ምክንያት ወረቀቱ ተመልሶ ሁለተኛ ሲላክ ሁለት ወር ሄዶብኛል፤ ረቂቁን ጠበቃሽ ጽፎ ይላክልሽ።

ለሁለታችንም አንድ ጠበቃ አይበቃንም?

የስምምነት ወረቀት ለመጻፍ ይበቃል። ጠብ ከተነሳ ግን ሁለቱንም ያማከረ ጠበቃ ለአንዳቸውም መቆም የለበትም። ያጎታችሁ ልጅ ጠበቃ ከሆነ ደግሞ አትያዙት፤ ፋሲካም ዒድም ላይ ትገናኛላችሁ።

ይመታኛል። ከፍቺው በፊት ምን ላድርግ?

ከእኔ በፊት ወደ ፖሊስና ወደ ሐኪም ቤት ሂጂ። የሕክምና ማስረጃው በዚያው ቀን ካልተጻፈ ቁስል ይድናል፣ ማስረጃም አብሮ ይጠፋል። ትዳር ውስጥ መምታት በወንጀል ሕጉ የሚያስጠይቅ ነው። የፍቺው ክስ በኋላም ይደርሳል፤ ለፍቺው ምክንያት የሆነው ወገን ካሳ እንዲከፍል ሊወሰንበት ስለሚችል ያ ማስረጃ እዚያም ያገለግልሻል።

አማርኛ በደንብ አልችልም፤ አስተርጓሚ አለ?

የፌደራል ፍርድ ቤት የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ኦሮምኛም ሶማልኛም የምትናገሩ ሰዎች አስተርጓሚ እንዲመደብላችሁ ጠይቁ። እንደገባችሁ ሆናችሁ ራሳችሁን አትነቅንቁ።

ፍቺው ተወሰነ። ከዚህ በኋላስ?

በውሳኔው ካልተስማማሽ ይግባኝ በ60 ቀን ውስጥ ነው፤ ቀኑን የምትቆጥሪው ግልባጩን ከወሰድሽበት ቀን ነው ብለሽ አትዘናጊ። ፍቺውን ቀበሌ ወሳኝ ኩነት ዘንድ አስመዝግቢ። ሴት ከሆንሽና እንደገና ልታገቢ ካሰብሽ 180 ቀን መጠበቅ አለብሽ፤ ከቀድሞ ባልሽ ጋር ተመልሰሽ ከተጋባሽ፣ ከወለድሽ ወይም እርጉዝ አለመሆንሽ በሐኪም ከተረጋገጠ ግን አይጠበቅብሽም። የውሳኔውን ግልባጭ ማኅተም ያለበት አራት አምስት ኮፒ በአንድ ጊዜ አውጪ፤ ባንክ አንድ ይፈልጋል፣ የመሬት ጽሕፈት ቤት አንድ፣ የልጆች ትምህርት ቤት አንድ፣ ቪዛ ካሰብሽ ኤምባሲው ሌላ። አንዱን ደግሞ ከፎቶ ጀርባ።